መንግሥት ብር ካነሰው ለምን አያትምም?

ግራ የገባው፦ ጎበዝ፣ አንድ ነገር አስረዱኝ። ብሔራዊ ባንክ የመንግሥት ነው አይደል? ታዲያ በጀት ሲጎድል አትሞ መጠቀም እያለ እኔን በግብር ምን ያስጨንቀኛል?

የባንክ ሰው፦ ወንድሜ፣ ሲያደርገው ኖሯል እኮ! ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ጉድለቱን ይሸፍን ነበር። ያ ብር ገበያ ይገባል፣ ጤፉና ዘይቱ ግን አልጨመረም፣ ስለዚህ ዋጋው ይሰቀላል። ያለ አዋጅ የሚቆረጥ ግብር በለው። አሁን ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም ለባንኮችና ለሌሎች ገዢዎች ወደሚሸጠው የአጭር ጊዜ የብድር ወረቀት ዞሯል፤ ባንኩም ሐምሌ 2016 ላይ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆን ተመን አውጥቷል።

መርካቶ ነኝ፦ ሁሉንም በኅትመት አታሳብቡ እንጂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዕቃዬ የሚመጣው በዶላር ነው፣ ምን ላድርግ? (ቀድሞም በጥቁር ገበያው ሒሳብ ነበር የምንሸጠው፣ እሱን እንተወው።)

ግራ የገባው፦ የደሞዙ ግብርስ?

የባንክ ሰው፦ ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከ14,000 በላይ ያለው ላይ ግን 35 በመቶ ይቆረጣል። አንተ የት ነህ?

ግራ የገባው፦ መሃል ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው።