5ኛው ግራንት፦ የብስክሌቱን ገቢ ልቁጠረው ወይስ ልዝለለው?

ሌሊት ሾፌር — ኦገስት 14፣ 2021

ሰላም የሀገር ልጆች። ለንደን ነኝ፣ ሚኒካብ (በአፕ የሚጠራ ታክሲ) መንዳት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። መንግሥት በኮቪድ ምክንያት ለሰልፍ ኢምፕሎይዶች፣ በግላቸው ለሚሠሩ ማለት ነው፣ የሚሰጠውን ግራንት (ድጎማ) አራቱንም ጊዜ ጠይቄ ወስጃለሁ። ያኔ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረውም፤ ሥራዬ በኮቪድ ተጎድቷል ብለህ ታረጋግጣለህ፣ የባንክ ቁጥርህን ትሞላለህ፣ በስድስት የሥራ ቀን ውስጥ ገንዘቡ ይገባል። ይኼ አምስተኛው ግን ሒሳብህን አምጣ ብሎኝ እንቅልፍ አሳጣኝ።

ሐሙስ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የባንክ ወረቀቶቼን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። የሚፈልገው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ባለው አንድ ዓመት የነበረኝ ተርንኦቨር (ጠቅላላ ገቢ)፣ ሁለተኛው ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ተርንኦቨር። ቅናሹ 30 ፐርሰንት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሦስት ወር አማካይ ትርፌን 80 ፐርሰንት እንደ ድሮው ይሰጡኛል። ካነሰ 30 ፐርሰንቱን ብቻ። በኔ ሒሳብ አንደኛው 3,120 ፓውንድ ነው፣ ሌላው 1,170። በ1,170 የአምስት ሳምንት የመኪና ኪራይ እንኳ አልሸፍንም።

የበፊቱ ዓመት ታክስ ሪተርኔ (ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያዬ) ላይ አለ፣ 38,200። ጥሩ ዓመት ነበር። ግማሹ ሥራዬ ሄትሮው ኤርፖርት ነው፤ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ጠዋት ሲያርፍ ተርሚናል 2 ከሚወጣው ሰው አንዱ ከደረሰኝ መኪናዬ እስከ ማታ በርበሬ በርበሬ ሲል ይውላል፣ ቀጥሎ የሚገባው ፈረንጅ መስኮት ይከፍታል።

ከማርች 2020 በኋላ ግን መኪናውን ለአከራዩ መለስኩ። ቤት ተቀምጬ ተቀምጬ ሲመረኝ አሮጌ ብስክሌት ገዛሁና ምግብ ማድረስ ጀመርኩ። በ46 ዓመቴ፣ በዝናብ፣ የሌላ ሰው ፒዛ ጀርባዬ ላይ አዝዬ። በኋላ መኪና መልሼ ተከራየሁና ቀን ብስክሌት፣ ማታ ሚኒካብ ሆነ።

እንግዲህ ያን ዓመት ባንኬ የገባውን ሁሉ ስደምር 29,070 መጣ። ቅናሹ 24 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ አያልፍም። የዴሊቨሪውን 9,900 ካወጣሁት ግን 19,170 ይሆናል፣ ግማሽ በግማሽ ወደቀ ማለት ነው። የሥራ ጓደኛዬ «ግራንቱ የሚሰጥህ በሚኒካብህ ነው፣ ብስክሌቱን ምን አገናኘው?» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ኋላ መልሱ ሲሉህ ከየት ልታመጣ ነው?» ትላለች። ማን ነው ትክክል?

ሌላም አለ። ጌትዌይ አካውንቴን (ግራንቱ የሚጠየቅበትን የመንግሥት ኦንላይን መግቢያ) መጀመሪያ የከፈተልኝ ፎርም የሚሞላ አንድ ሰው ነው፤ ያኔ የራሱን ስልክ ቁጥር ነው ያስገባው። እስካሁን ልገባ ስል ኮዱ የሚሄደው እሱ ጋ ነው። በየግራንቱ እየደወልኩ «ኮዱን አንብብልኝ» እላለሁ፣ ለቡና ብዬ 30 ፓውንድ እሰጣለሁ። ሐሙስ ስደውል «የዚህኛው 50 ነው» አለኝ። ስድስት ዲጂት ለማንበብ!

---

ቀልጣፋው

ዝለለው ወንድሜ። እኔ ትርፍ ሥራዬን አልቆጠርኩም፣ ጠየቅኩ፣ ገባልኝ። ማን ቁጭ ብሎ ያይሃል?

---

ደረሰኝ

ወንድሜ፣ ቀልጣፋውን አትስማው። ሒሳብ መያዝ እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝርልህ።

ብስክሌቱ ይቆጠራል። ተርንኦቨር ሲሉ በግልህ የምትሠራው ሥራ ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ ነው፤ ሚኒካቡ ለብቻ፣ ዴሊቨሪው ለብቻ የሚባል ነገር የለም። ደግሞስ እስከ መጪው ጃንዋሪ 31 የምታስገባው የ2020-21 ታክስ ሪተርን ላይ ዴሊቨሪውን መጻፍህ አይቀርም። ያኔ እዚያ የጻፍከው ተርንኦቨር ሌላ፣ ለግራንቱ የሰጠኸው ሌላ ሊሆን ነው። ሁለቱም ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ማን ያያል የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

ግን አንተን የጣለህ ብስክሌቱ አይመስለኝም። ባንኬ የገባውን ሁሉ ደመርኩ ነው ያልከው? ሁሉን? እስኪ ወረቀቱን መልሰህ ዘርጋና ሁለት ነገር እይልኝ።

አንደኛ፣ ያን ዓመት ባንክህ ከገባው ውስጥ ግራንቶቹ ራሳቸው አሉበት። የመጀመሪያው በሜይ 2020 መከፈል ጀመረ፣ ሁለተኛው ከኦገስት ወዲህ ነው፣ ሦስተኛው ከኖቬምበር 30 ጀምሮ ነው የተጠየቀው። ሦስቱም እዚያው ዓመት ውስጥ ወድቀዋል። ግራንት ተርንኦቨር አይደለም፣ አውጣው። ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) የሰጠህ የኮቪድ ድጎማ ካለም እንደዚሁ። አራተኛው ከኤፕሪል መጨረሻ በኋላ ስለተከፈለ መጀመሪያውኑ እዚያ ውስጥ የለም።

ሁለተኛ፣ ባንክህ የገባው የሚኒካብ ገንዘብ አፑ ኮሚሽኑን ከቆረጠ በኋላ ያለው ነው። ተርንኦቨር ማለት ተሳፋሪው የከፈለው ሙሉው ነው። ኮሚሽን ወጪ ነው፣ እንደ ነዳጅ፣ እንደ ኪራይ። አፑ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያወጣልህ የታክስ ማጠቃለያ ላይ ሙሉ ሒሳቡና ኮሚሽኑ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ይኼ እንግዲህ ቁጥርህን ከፍ ነው የሚያደርገው፣ ግን የበፊቱ ዓመት 38,200 ሙሉው ከሆነ የኋለኛውም ዓመት ሙሉው መሆን አለበት። ጥሬ ሥጋ በጥሬ፣ ጥብስ በጥብስ ነው የሚመዘነው። 38,200 ራሱ ኮሚሽን የተቀነሰለት እንዳይሆን ሪተርንህን አይተህ አረጋግጥ።

ማለፊያህ 26,740 ነው። ከዚያ በታች ከሆንክ 80ው ያንተ ነው።

ኮዱን በተመለከተ፣ አራት ግራንት ሙሉ እንዲህ ስትኖር ነበር? ያ ሰው አካውንትህ ውስጥ ገብቶ የባንክ ቁጥር ቢቀይርስ? አሁኑኑ ገብተህ ስልኩን ወደ ራስህ ቀይር። ግራንቱን ደግሞ አካውንታንት እንኳ ቢሆን ባንተ ስም መጠየቅ አይፈቀድለትም፣ ራስህ ነህ የምትጠይቀው።

---

ፀጉር ሠሪዋ

ደረሰኝ ያለችው እውነት ነው፣ እኔም እዚያው ጉድጓድ ልገባ ነበር። ሳሎን ውስጥ ወንበር ተከራይቼ ነው ሹሩባ የምሠራው፣ የወንበሩን ኪራይ ባለቤትዋ በየሳምንቱ ቆርጣ የቀረውን ትሰጠኛለች። እኔም የቀረውን ብቻ ደምሬ ልሞላ ስል ነው እህቴ የያዘችኝ። ደንበኛ የከፈለችው በሙሉ ነው የሚቆጠረው።

የኔ ጸጸት ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አልጠየቅኩም። በባለቤቴ ቪዛ ነው ያለሁት፣ አንዷ «የመንግሥት ገንዘብ ከነካሽ ቪዛሽ አይታደስም» ስትለኝ ደንግጬ ተውኩት። ሳሎን ከፈረንጅ ገና በፊት ተዘግቶ ኤፕሪል 12 እስኪከፈት በቁጠባችን ኖርን። በኋላ ነው ግራንቱ ፐብሊክ ፈንድ (እንደኔ ዓይነት ቪዛ ላለው የተከለከለው የመንግሥት ድጎማ) ውስጥ እንደማይቆጠር ያወቅኩት፤ በማንኛውም የሥራ ፈቃድ ባለው ቪዛ መጠየቅ ይቻል ነበር። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በየወሩ የሚከፈለው ድጎማ) ነው የተከለከለው። ያለፉት ሦስቱ በራቸው ተዘግቷል፣ ግን አራተኛውን ለመጠየቅ የፊቶቹን መውሰድ ግድ አልነበረም፣ ወሰድኩ። ቪዛ ፈርታችሁ የተዋችሁ ካላችሁ ይኼኛው፣ አምስተኛው፣ ሴፕቴምበር 30፣ 2021 ነው የሚዘጋው።

---

ሽማግሌው

ልጄ፣ ሁሉም ስለ 30 ፐርሰንቱ አወራና ዋናውን ዘለሉት። ፎርሙ መጀመሪያ የሚያስፈርምህ ሌላ ነገር ነው። ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ባለው ጊዜ ትርፍህ በኮቪድ ምክንያት በጣም ቀንሷል ወይም ይቀንሳል ብለህ ከልብህ ታምናለህ ወይ? የአምናው ውድቀት ለብቻው አይበቃም። እኔም ሚኒካብ ነኝ፣ ዕድሜዬ 61 ነው፣ አሁን ቅዳሜ ማታ ሥራው እየተመለሰ ነው። ላንተ ግን ሄትሮው እንጀራህ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ከማርች 19፣ 2021 ጀምሮ ቀይ መዝገብ (በኮቪድ ምክንያት ጉዞ የተገደበባቸው አገሮች ዝርዝር) ላይ ናት፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው ለመገለል ሆቴል ይገባል፣ የሆቴሉም ዋጋ ከሐሙስ ወዲህ 2,285 ፓውንድ ሆኗል። ማን ይመጣል? አምና በዚህ ሰሞንና ካቻምና ኤርፖርት ስንት ጊዜ እንደሄድክ፣ አሁን ስንት እንደሆነ ከአፑ ላይ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ። ዛሬ ማስረጃ አምጣ አይሉህም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሊሉህ ይችላሉ።

አንድ የማውቀው ልጅ ለለቅሶ ሀገር ቤት ደርሶ ሲመለስ ሆቴል ተቀመጠና «ሥራ ስላልሠራሁ ልጠይቅ» አለኝ። ከውጭ ተመልሶ በመገለል ብቻ የቀረ ሥራ አይቆጠርም፣ ብዬ መለስኩት። ተቀይሞኛል።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ግራንቱ የገባበት ወር ላይ እንደ ገቢ ይቆጥሩታል፣ የዚያን ወር ክፍያ ይቀንሳል ወይ ያጠፋል። አስቀድመህ ለቤት ኪራይ የሚሆን ያዝ። እኔን በመጀመሪያው ጊዜ ባዶ እጄን አስቀርቶኛል።

---

ቀልጣፋው

እሺ እኔ አሁን ምን ላድርግ? የወሰድኩት 80ውን ነው። ቆጥሬ ባየው አያልፍም ነበር።

---

ደረሰኝ

ገንዘቡ ከገባልህ ቀን ጀምሮ 90 ቀን አለህ። በዚያ ውስጥ ራስህ ነግረህ ከሚገባህ በላይ የወሰድከውን መልስ። ካለፈ ቅጣት ሊጨምሩበት ይችላሉ። ከሁሉ የሚቀለው አሁን ነው፣ ገንዘቡ ገና ኪስህ ሳለ። ደግሞ ለሁላችሁም፦ ግራንቱ ታክስ አለበት። ሦስቱ የፊቶቹ 2020-21 ሪተርን ላይ፣ አራተኛውና አምስተኛው የሚቀጥለው ዓመት ሪተርን ላይ ይጻፋሉ፣ የራሳቸው ሳጥን አላቸው። ተርንኦቨር ሳጥን ውስጥ እንዳትከቷቸው።

---

ሌሊት ሾፌር — ኦገስት 17፣ 2021

እህቴ ደረሰኝ፣ እጅሽ ይባረክ። እርስዎም አባቴ፣ ያሉኝን አድርጌአለሁ፦ የኤርፖርት ሥራዬን ከአፑ እየቆጠርኩ ፎቶ አነሣሁ። ጁን 2019 ላይ ብቻ 41 ጊዜ ሄትሮው ሄጄ ነበር፣ ዘንድሮ ጁን ላይ ግን 6 ጊዜ። እኔው ራሴ እንዲህ መሆኑን አላወቅኩትም ነበር፣ ሥራ ቀነሰ ስል እንጂ።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፣ ሌላም እንዲህ የተምታታበት ይኖራል። 29,070 ካልኩት ውስጥ ሦስቱ ግራንቶች 3,120፣ 2,730 እና 3,120 ነበሩ፣ ድምራቸው 8,970። ያን ስደምር ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዱንም ግራንት ነው አላልኩም፣ የደመወዝ ያህል ለምጄው ነበር። ሚኒካቡ ባንክ የገባው 10,200 ነው፣ አፑ ማጠቃለያ ላይ ግን ተሳፋሪ የከፈለው 13,600 ይላል፣ 3,400ው ኮሚሽን ነው። የበፊቱ ዓመት 38,200ም ሙሉው ሆኖ ተገኘ፣ ኮሚሽኑ ወጪ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ 13,600 ሲደመር የብስክሌቱ 9,900፣ 23,500። የዴሊቨሪው ጉርሻ አፑ ውስጥ የገባ ነው፣ በእጄ የተሰጠኝን ሳንቲም ግን ከማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቆጥሬ 64 ፓውንድ ጨመርኩ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። ቅናሹ 38 ፐርሰንት ሆነ። ብስክሌቱን ቆጥሬ፣ ጉርሻውንም ቆጥሬ አለፍኩ።

ስልኩን ለመቀየር ግን መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል፣ ለመግባት ደግሞ ኮዱ ያስፈልጋል። 50ውን ከፍዬ ለመጨረሻ ጊዜ አስነበብኩት። እሱ መስመር ላይ እያለ የራሴን ቁጥር አስገባሁ። የመጀመሪያው ኮድ በገዛ ስልኬ ሲመጣ፣ አትሳቁብኝ፣ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ትናንት ማታ ሞልቼ ላክሁ። ዛሬ ጠዋት ያ ሰው ራሱ ደወለ፦ «የአንተ ኮድ መምጣት ቆመ፣ ሰላም ነው?» አለኝ።