ኮስት ሼሪንግ እየተቆረጠ እቁብ እየተጣለ ወሩን እንዴት ነው የምታደርሱት?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች፣ ተመርቃችሁ ስራ ላይ ያላችሁ በተለይ እናንተ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል። ኮምቦልቻ የመንግስት መስሪያ ቤት ነው የምሰራው፣ ቤተሰቦቼ ሐይቅ ናቸው፣ እኔ እዚህ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው ያለሁት። ደሞዜ በወረቀት 11,500 ነው፣ ታክስ 2,100 ጡረታ 805 ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት እዳዬ) ደሞ 10 ፐርሰንቱ 1,150 ይቆረጥና እጄ የሚገባው 7,445 ነው። ከዛ ላይ ኪራይ 2,500፣ የመስሪያ ቤት እቁብ 1,000፣ ለእናቴ 800 (ይቺን ቀንሺ እንዳትሉኝ በናታችሁ፣ አልቀንስም) እና የሚቀረኝ 3,145 ለምግቡም ለባጃጁም ለካርዱም ለሁሉም ናት። ወጪዬን ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው ግን ደብተሩ የሚነግረኝ የወጣውን ብር እንጂ የሚመጣውን ወጪ አይደለም፣ አንድ ሰርግ ወይ አንድ ለቅሶ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል።

ጥያቄዬ፦ የኮስት ሼሪንግ ውሌ ላይ ያለው 34,500 ነው፣ መቆረጥ የጀመረው ገና በቅርቡ ነው። እቁባችን 20 ሰው ስለሆነ ሲደርሰኝ 20,000 አገኛለሁ። ያንን ገቢዎች ሄጄ አንዴ ገቢ አድርጌ ቶሎ ልገላገል ወይስ ቁጠባ ላድርገው? ጓደኛዬ እዳ እያለብሽ ምን ቁጠባ አለ ትላለች፣ አባቴ ደሞ ለክፉ ቀን የሚሆን ሳትይዢ አትክፈይ ይላል፣ መሀል ላይ ነኝ።

ከጦሳ ስር፦
አብሽሪ እህቴ፣ ደብተር መያዝሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከአባትሽ ጋር ነኝ፣ ምክንያቴን ልንገርሽ። ኮስት ሼሪንግ እንደ ባንክ ብድር አይደለም፣ በ1995 በወጣው ደንብ ሲጀመር ተማሪው የምግቡንና የዶርሙን ሙሉ ወጪ ከትምህርቱ ወጪ ደሞ ቢያንስ 15 ፐርሰንቱን ተመርቆ ስራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይክፈል ተብሎ ነው። የኔ ተከፍሎ ሲያልቅ ውሉ ላይ ከተጻፈው አንድ ብር እንኳን አልጨመረም። እስኪ አስቢው፣ እዳው ባለበት ቆሟል፣ የብሩ አቅም ደሞ በየአመቱ እየወረደ ነው፣ ከሁለት አመት በኋላ የሚቆረጥብሽ 1,150 የዛሬውን 1,150 ያህል አይከብድሽም። በዚሁ ከቀጠለ 34,500ው በ30 ወር ያልቃል፣ አንቺ ምንም ሳታደርጊ። 20,000ውን ዛሬ ከፍለሽ ነገ ብትታመሚ ወይ እናትሽ ብትታመምስ? የት ነው የምትሄጂው? ቴሌብር ላይ እንደኪሴ ወይ መላ የሚባለውን ብድር ትበደሪያለሽ፣ እሱ ደሞ የአገልግሎት ክፍያ አለው። የማይጨምረውን እዳ ለመዝጋት ብለሽ የሚጨምር እዳ ውስጥ አትግቢ።

የደብተሩን ነገር በተመለከተ፣ ከታች ወደ ላይ ጻፊው። ማለቴ ደሞዝ የገባ ቀን መጀመሪያ ኪራዩን እቁቡንና የእናትሽን አውጪ፣ ከ3,145ቱ ላይ ደሞ 345ቱን ለብቻው ሌላ ሂሳብ ውስጥ አስቀምጪ፣ ለሰርግ ለለቅሶ ለበአል ብቻ የሚሆን። የቀረውን 2,800 ለአራት ክፈይው፣ በሳምንት 700 ማለት ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ሁለት ቀን ይተርፋል፣ ለሷ ከየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ታስተርፊያለሽ። ሳምንት ሳምንቱን ካየሽው ገና ወሩ ሳይጋመስ ችግሩን ታውቂዋለሽ።

እማማ ቧንቧ ውሃ፦
ልጄ ለእናትሽ የምትልኪውን አልቀንስም ማለትሽ አላህ ይጨምርልሽ፣ በረካው እዛ ውስጥ ነው። እኔ ስለ ምግቡ ልንገርሽ፣ ብርሽን የሚበላብሽ እሱ ነውና። ሱቅ እየሄድሽ በኪሎ በኪሎ ከገዛሽ በ700 ሳምንቱን አትዘልቂውም። ከመስሪያ ቤት ሴቶች ጋር ሁለት ሶስት ሆናችሁ ጤፉን በጥርና በየካቲት እህል ከአውድማ ሲወርድ ግዙት፣ ክረምት ገብቶ ነሐሴ ላይ ከሚሸጥበት ጋር አይገናኝም፣ ማሽላ ቀላቅለሽ አስፈጭው፣ እንጀራው አያሳፍርም ደሞ ያጠግባል። በርበሬና ሽሮውን እናትሽ ጋ አዘጋጂው፣ እሷም ደስ ይላታል። ሰኞ ገበያ ደሴ የምትመጣ ጎረቤት ካለሽ ሽንኩርቱን እንድትገዛልሽ ላኪያት።

ሌላው ሁላችሁም የምትረሱት ጳጉሜን ነው። የነሐሴ ደሞዝ ወጥቶ የመስከረም ደሞዝ እስኪመጣ 35 ቀን ነው፣ በአራት አመቱ ደሞ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን 36። በዚህ ላይ እንቁጣጣሽ አለ፣ የቅርጫ መዋጮ አለ፣ ታናናሾች ካሉሽ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። መውሊድም አንዳንድ አመት እዛው አካባቢ ይውላል። ሰው ሁሉ መስከረም ላይ የሚበደረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ያቺ 345 ብር ከጥቅምት ጀምራ የጳጉሜን ናት ብለሽ ያዣት፣ አትንኪያት።

ኮምቦልቻ 03፦
ከጦሳ ስር ያልከው ልክ ነው ግን አንድ ነገር ዘለልክ፣ ኦሪጅናል ዲግሪውን። ኮስት ሼሪንግ ከፍለሽ ካልጨረስሽ በእጅሽ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊው ወረቀት) ብቻ ነው። ማስተርስ ውጭ ልማር ካልሽ ወይ ሰነድ ማረጋገጥ የሚጠይቅ ስራ ከመጣ ኦሪጅናሉን ይሉሻል፣ እሱን ለማግኘት ደሞ ከገቢዎች እዳ የለባትም የሚል ክሊራንስ ይዘሽ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር መሄድ አለብሽ፣ ወረፋውም ሩቅ ከተማ ከተማርሽ ትራንስፖርቱም ቀላል አይደለም። እኔ የምልሽ ዛሬ ለራስሽ መልሺ፣ በሚቀጥሉት ሁለት አመታት ወረቀቱን የምትፈልጊበት ጉዳይ አለሽ ወይ? ካለሽ ክፈይ። ከሌለሽ ግን ከሱ ጋር እስማማለሁ፣ እየተቆረጠ ይለቅ። መምህር ብትሆኚ ኖሮ በአገልግሎት የሚከፈልበት መንገድ ነበረ፣ የመስሪያ ቤት ሰራተኛ ግን ያው በብር ነው።

እቁቡን ግን እንዳትወጪ። ብዙ ሰው ወለድ የለውም ባንክ ይሻላል ይላል፣ ባንክ በቁጠባ ላይ የሚሰጠው ትንሹ 7 ፐርሰንት ነው፣ የእቃ ዋጋ ግን ከሱ በላይ ሲሮጥ አይተናል። ወለድ አልፈልግም ካልሽ ደሞ ወለድ አልባ መስኮት ሄደሽ ዋዲዓና ሙዳረባን አስረዱኝ በያቸው፣ ዋዲዓ ማስቀመጫ ብቻ ነው ሙዳረባ ግን ትርፍ ያካፍላል። እቁብ ግን ያስገድድሻል፣ ዳኛው ይጠይቅሻል፣ ሰው ፊት ነው። ብቻ እጣው መጨረሻ ላይ ከደረሰሽ ለሌላው ስታበድሪ ቆይተሽ ነው፣ ከ20 ወር በፊት የነበረው 20,000 እና የዛኔው 20,000 አንድ አይደሉም፣ ስለዚህ መሀል ላይ ከሚደርሰው ሰው ጋር መቀያየር ከተቻለ ዳኛውን አናግሪው፣ ዋስ ብቻ አዘጋጂ።

የሐይቅ ልጅ፦
ወላሂ በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ እማማ እርስዎን በተለይ፣ የጳጉሜን ነገር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ማስተርስ አስባለሁ ግን እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኤክስቴንሽን ነው የምፈልገው፣ እሱም አሁን ሳይሆን ከሁለት አመት በኋላ። ስለዚህ 20,000ውን አልከፍልም፣ አስራ አምስቱን ሳልነካ አስቀምጣለሁ፣ በአምስቱ ጥር ላይ ጤፍ እገዛበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ የሚቆረጥብኝ ብር በትክክል ገቢዎች መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ከጦሳ ስር፦
ፔሮልሽ ላይ ኮስት ሼሪንግ የሚል መስመር መኖሩን እይ፣ ከዛ ፋይናንስ ሄደሽ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ኮፒ ጠይቂ፣ በስምሽ የተዘረዘረበትን ማለቴ ነው። በየስድስት ወሩ ሰብስቢና አንድ ክላሰር ውስጥ አስቀምጪ፣ ፎቶም አንሺው። ዝውውር ወይ ሌላ ስራ ካገኘሽ ደሞ ከመልቀቅሽ በፊት እስከዛ ቀን ስንት እንደተቆረጠ የሚገልጽ ማህተም ያለው ደብዳቤ ሳትይዢ እንዳትወጪ፣ አዲሱ መስሪያ ቤት ከዛው እንዲቀጥል የሚያደርገው እሱ ነው።