ቡና ሲቆላ የአየር ማጣሪያዬ ቀይ ይበራል፤ ምን ላድርግ?

የናቲ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ወገኖቼ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ታውንሃውስ ተከራይተን። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አስም አለበት። በዚህ ብርድ ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ይዘነው ሄደናል። ሐኪሟ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ማንም የለም» አልኳት። መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ዕጣኑ ትዝ ያለኝ።

ድሮ ቡና የምናፈላው እሁድ እሁድ ነበር። አማቴ ከጎንደር ከመጡ ወዲህ በየቀኑ ሆኗል። ቡናው ብረት ምጣድ ላይ ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ጀበናው ትንሽ የከሰል ምድጃ ላይ ይጣዳል። ለእማማ እዚህ አገር ያለቻቸው ደስታ ይቺው ናት። «ይተዉት» ለማለት አፌን ያዘኝ።

ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ማሽን ገዝቼ ሳሎን አስቀመጥኩ። አየሩ ውስጥ ያለውን ብናኝ በቁጥር ያሳያል። ጠዋት 6 ወይም 7 ይላል። ቡናው ጭስ ጭስ ማለት ሲጀምር 40፣ ትንሽ ቆይቶ 120። ዕጣኑ ሲጨመርበት 300 ያልፍና መብራቱ ቀይ ይሆናል። ወደ 10 ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። የማሞቂያውን ፊልተር ስስበው ደግሞ የምጣድ ማሰሻ መስሎ ወጣ። ከገባን ጀምሮ የቀየረው የለም።

ማሽኑ ብቻውን ይበቃል? የማሞቂያውስ የትኛው ይሻላል? ሱቅ ውስጥ 8፣ 11፣ 13 የሚል አይቼ ግራ ገባኝ።

ባለሙያው፣ አሌክሳንድሪያ

ሰላም እህቴ። በማሞቂያና በኤሲ ሥራ 14 ዓመቴ ነው። ያየሽው ቁጥር ሜርቭ ይባላል። 8 አቧራና ጸጉር ይይዝልሻል፤ ጭስ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ አብዛኛው ያልፈዋል። ለጭስ 13 ነው የሚሻለው። ችግሩ፣ ስስ የሆነው ባለ አንድ ኢንቹ 13 አየር ያፍናል። ማሞቂያው አሮጌ ከሆነ ፋኑ ይጨነቃል፣ በበጋ ደግሞ የኤሲው ኮይል በረዶ ይሠራል። ስለዚህ መጀመሪያ አከራይሽ ይጠየቅ፣ ካስገባሽም በኋላ በየወሩ አውጥተሽ እዪው።

ጠርዙ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ ወደ ማሞቂያው መዞር አለበት። ስንት ቤት ገብቼ ተገልብጦ አግኝቼዋለሁ!

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ፊልተሩ የሚያጣራው ፋኑ ሲዞር ብቻ ነው። ቡና ሲቆላ ቴርሞስታቱ ላይ ፋኑን ከ«አውቶ» ወደ «ኦን» አድርጊው።

ስለ ማሽኑ፦ ካርቶኑ ላይ ሲኤዲአር የሚል ቁጥር ፈልጊ፣ ለጭስ የተጻፈውን፤ ማሽኑ ምን ያህል አየር እንደሚያጸዳ የሚነግርሽ እሱ ነው። የክፍሉን ስፋት በስኩዌር ፊት ለኪ። ቁጥሩ ቢያንስ የዚያ ሁለት ሦስተኛ መሆን አለበት። ሳሎንሽ 300 ከሆነ 200 ማለት ነው። ኪችኑ ከሳሎኑ ጋር ክፍት ከሆነ እሱንም ቁጠሪው። አንድ ማሽን ብቻ ካለሽ ግን ማታ ልጁ ክፍል ይግባ። ብዙ ሰዓት የሚተነፍሰው እዚያ ነው።

ነርስ ነኝ

እህቴ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ከሰሉ ነው። እባክሽ ዛሬውኑ ከቤት አውጪው። ሄፓ 0.3 ማይክሮን ከሚያክለው ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ጋዝ ነው፤ ሾልኮ ያልፋል። ሽታም ቀለምም የለው። ማሽንሽ 6 እያለሽ ቤቱ ሊመረዝ ይችላል።

ከሰል ያፈናቸውን የእኛን ሰዎች በእጄ ተቀብያለሁ። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ጉንፋን ይመስላቸዋል። አገር ቤትም ቢሆን ቤት ዘግቶ ከሰል ያስተኛው ሰው ስንት ነው። እዚህ ደግሞ በብርድ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ በየፎቁ፣ መኝታ ቤት አጠገብ ስቀሉ። አልፎ አልፎም ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት።

ዲሲ ነዋሪ

በ2023 ሰኔ መጀመሪያ ላይ የካናዳ ሰደድ እሳት ጭስ ከተማችንን ሲሸፍን ሱቅ ውስጥ ማሽን አጣሁ። አራት ሜርቭ 13 ፊልተር በአራት ጎን አቁሜ፣ ሥሩን በካርቶን ዘግቼ፣ ላዩ ላይ አራት ማዕዘን ፋን ወደ ላይ እንዲነፍስ አድርጌ በቴፕ አሰርኩት። ኮርሲ-ሮዘንታል ሳጥን ይሉታል። መልኩ አያምርም፣ ድምፁም ከፍ ይላል፤ ግን እስከ ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ ይሠራል። ሁለተኛ ማሽን መግዣ ከሌለሽ ሞክሪው።

የናቲ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከሰሉ የዚያኑ ዕለት ወጣ። ለእማማ የነርሷን መልእክት ቃል በቃል አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄን ላፍነው ነበር?» አሉ። እኔም አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ። አሁን ጀበናው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ጠቋሚውም ፎቅም ምድርም ተሰቅሏል። አከራያችን ማሞቂያው 13 ይችላል ስላለ አስገባሁ፣ ቀስቱንም አይቼ። ማታ ማሽኑ ናቲ ክፍል ነው። ሌሊት ሌሊት የሚያስለው ቀንሷል፤ ኢንሄለሩን ግን ሐኪሟ እስክታየው አልነካሁም።

ዕጣን ለበዓል ብቻ ሆኖ መስኮት እንዲከፈት ተስማምተናል። ቡናውን እማማ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የጓሮ በረንዳ ላይ ይቆሉታል። ዛሬ ማሽኑ ከ34 አላለፈም። ቆልተው ሲጨርሱ ምጣዱን ይዘው ወደ በሩ ጠጋ አሉና በእጃቸው ሽታውን ወደ እኛ አራገቡት።