4 ኪሎ ኬክ የሚችል ባለ አንድ እግር ማቆሚያ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራ?

ጋጋሪዋ (ደብረ ማርቆስ)፦
እንደምን ከረማችሁ። ለምርቃትና ለልደት የሚሆን ባለ አንድ እግር የኬክ ማቆሚያ መሥራት እፈልጋለሁ። ኬኩ 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከነክሬሙ እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን ነው። ከቁም ሣጥን ሥራ የተረፈ ባለ 18 ሚሊ ኮምፖርሳቶ አለኝ፤ መጋዝና ድሪል አገኛለሁ። የታችኛው ክብ ምን ያህል ይስፋ? ምሰሶው በኮላ ብቻ ይያዛል ወይስ ብሎን ይፈልጋል? ምግብ የማይጎዳ ቀለምስ የትኛው ነው? ሰሃንና ብርጭቆ አጣብቆ መሥራት ይቻላል የሚሉም አሉ፤ 4 ኪሎ ይችላል?

አናጺው (ቡሬ)፦
ላይኛውን 32፣ ታችኛውን 24 ሳንቲ ሜትር አድርጊው። ታችኛውን ከሁለት ኮምፖርሳቶ ደርበሽ አጣብቂው፤ 36 ሚሊ ሲወፍር ክብደቱ ወደ ታች ይሆንልሻል። ምሰሶው 6 በ6፣ ቁመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ለእሱ ከአናጺ ቤት የደረቀ የዋንዛ ቁራጭ ጠይቂ። እርጥብ ባሕር ዛፍ አታስገቢበት፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ያጠበቅሽው ብሎንም ይላላል።

ክቡን በሲባጎ አታስምሪ፤ ሲባጎ ሲሳብ ይረዝማል፣ ክቡም እንቁላል ይመስላል። ቀጭን ጣውላ ላይ በ16 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ቀዳዳ ብሺ፤ በአንዱ ምስማር፣ በሌላው እርሳስ አስገብተሽ አዙሪው። ለታችኛው ርቀቱ 12 ይሆናል። ስትቆርጪ ከመስመሩ 2 ሚሊ ያህል ውጭ ውጭውን ሂጂና ትርፉን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ጨርሺው።

ኮላ ብቻውን አይበቃም። የምሰሶው ጫፍ ቃጫው የተቆረጠበት ገጽ ስለሆነ ኮላውን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ ላዩ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። አንድ ቀን ኬኩን ወደ ጎን ገፋ ስታደርጊው ይላቀቃል። ስለዚህ ባለ 8 ሚሊ ጥርሳም ዘንግ (ራስ የሌለው ረጅም ብሎን) ከላይ እስከ ታች መሐል ለመሐል ይለፍ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ምሰሶውን በባለ 10 ሚሊ ፑንታ (የድሪል መብሻ) ከሁለቱም ጫፍ ብሺው፤ ከአንድ ወገን ብቻ 12 ሳንቲ ሜትር ከተበሳ ቀዳዳው ጠሞ ይወጣል። የላይኛውን ክብ መሐል ለዳዶና ለሮንዴላ (ዳዶ ዘንጉ ላይ እየዞረ የሚያጠብቀው ብረት፣ ሮንዴላ ከሥሩ የሚገባው ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት ነው) መደበቂያ 10 ሚሊ ጥልቀት ጎድጉጂ፤ የታችኛውን ከሥር በኩል 15 ሚሊ። ዘንጉ 17 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጥ። በሁለቱም ጫፍ ሮንዴላና ዳዶ ይገባል፤ ላይኛው ዳዶ ከዘንጉ ጫፍ ጋር ይተካከል፣ ትርፉ በታችኛው ጉድጓድ ውስጥ ይደበቃል። የላዩን ጉድጓድ ስቱኮ ሙዪው።

አንድ ዘንግ ብቻውን መሽከርከርን አይከለክልም። ምሰሶው ጫፎች ላይ ሁለት ሁለት ራስ አልባ ምስማር አቁሚና ክቡ ላይ በትክክለኛው ቦታ ብሺላቸው፤ ከዚያ ኮላ ቀብተሽ ዳዶውን አጥብቂ።

ከሁሉም በላይ የምሰሶውን ጫፍ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ነው ቁም ነገሩ። 6 ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ብትስቺ፣ 32 ሳንቲ ሜትር ክብ ላይ ከዳር እስከ ዳር ከ5 ሚሊ በላይ ዘመም ይላል። ክሬም ያለው ኬክ ላይ ይህ በዓይን ይታያል።

ዳዶ (ፍኖተ ሰላም)፦
አናጺው ታችኛው 24 ይሁን ያለበትን ምክንያት ልጨምር፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ማቆሚያው ኬኩ ሙሉ ሆኖ እያለ አይገለበጥም፤ ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል። አደጋው ኬኩ ሊያልቅ ሲል፣ ባዶ ሊሆን የቀረው ሳህን ዳር ላይ ቢላ ሲጫን ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ባዶው ማቆሚያ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ታችኛው ክብ 24 ከሆነ ከመሐል እስከ ዳሩ 12፣ ላይኛው ደግሞ ከዚያ 4 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ይወጣል። ለመገልበጥ ዳሩ ላይ 6 ኪሎ የሚያህል ጫና ያስፈልጋል። ታችኛው 16 ቢሆን ኖሮ 2 ኪሎ ጫና ይገለብጠው ነበር፤ እጅ ሳያስበው ከዚያ በላይ ይጫናል።

ሦስት የጎማ እግር ከሥሩ የሚያደርጉ አሉ፣ «ሦስት እግር አይንገዳገድም» ብለው። አለመንገዳገዱ እውነት ነው። ነገር ግን በሁለት እግሮች መካከል ያለው መስመር ለመሐሉ በጣም ይቀርባል፤ እግሮቹ ከመሐል 11 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢቆሙ መስመሩ 5 ተኩል ላይ ነው የሚያልፈው። ያ 6 ኪሎ ወደ 1 ኪሎ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ እግር ተዪው፤ ከአሮጌ ካላማዳሪ (የመኪና ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ) 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጠሽ በታችኛው ክብ ዙሪያ፣ ዳሩን ይዘሽ በማስቲሽ ለጥፊው። ጠረጴዛው ትንሽ ወጣ ገባ ቢሆንም ጎማው ይችለዋል፤ አይንሸራተትምም።

ክሬም (ባሕር ዳር)፦
የሰሃንና የብርጭቆው ለ4 ኪሎ አይሆንም። ለትናንሽ ኬኮችና ለብስኩት፣ እስከ 1 ኪሎ ተኩል ቢሆን ግን ጥሩ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ አፉ ሰፊ ብርጭቆ ተደፍቶ ይቁም፤ ሰሃኑ በላዩ በሲሊኮን ማጣበቂያ ይጣበቅ። የሚፈታው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ዘይት ነው፦ ሁለቱንም ገጽ በሳሙና ካጠብሽ በኋላ በአልኮል ጥረጊና በጣትሽ አትንኪው። ሁለተኛው ሲሊኮኑን መሐል ላይ መከመር ነው። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ከዳር ወደ መሐል ነው፤ ሰሃንና ብርጭቆ አየር ስለማያስገቡ የተከመረው መሐሉ ለቀናት ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ቀጭን መስመር ሰሃኑን በሚነካው የብርጭቆው ጠርዝ ዙሪያ ብቻ አድርጊ፣ ለአየር የምታህል ትንሽ ክፍተት ተዪ፣ 24 ሰዓት አትንኪው። የሆምጣጤ የመሰለው ሽታ ጨርሶ ካልጠፋ አልደረቀም። በሻማ መልክ የሚመጣውን ትኩስ ማጣበቂያ አትሞክሪው፤ ከሚያብረቀርቅ ሰሃን ላይ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

ስለ ቀለም፦ የዘይት ቀለም የነካው ማቆሚያ ከደረቀ በኋላም ለሳምንታት ይሸታል፣ የቅቤ ክሬም ደግሞ ሽታ ይስባል። የውሃ ቀለም ይሻላል። ሆኖም በየትኛውም ቀለም ላይ ኬክ በቀጥታ አይቀመጥ። ወፍራም ካርቶን 30 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ቁረጪ፣ በቅባት የማይርስ የመጋገሪያ ወረቀት አልብሺው፤ ኬኩ እሱ ላይ ይቁም። ፎይል ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ ቢላ ሲያገኘው ግን ይቀደድና ብጣሹ ከኬኩ ጋር ይነሳል፣ ሎሚና ብርቱካን ያለበት ኬክም ያጠቁረዋል።

አንጓ (እንጅባራ)፦
ዋንዛ ካጣሽ ቀርከሃም ይሆናል፣ እዚህ አካባቢ በቅርብ ይገኛል። ሦስት ዓመት የሞላውን፣ የደረቀውን ምረጪ፤ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ይወደዋል። አንድ ወፍራም ከማቆም ሦስት ቀጫጭን በማዕዘን አቁመሽ ዘንጉን በመሐላቸው ብታሳልፊ ይሻላል። እያንዳንዱ ጫፍ ከአንጓ ቀጥሎ ይቆረጥ፤ አንጓው ውስጥ ያለው ግድግዳ ጫፉ ሲጠብቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ምስማር በቀርከሃ ላይ አይመታም፣ እስከ ታች ይሰነጥቀዋል። ሦስቱም ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት እያሻሸሽ አስተካክዪያቸው።

ጋጋሪዋ (ደብረ ማርቆስ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከቀለም ይልቅ የእንጨቱን መልክ እንዳለ ብተወው ደስ ይለኛል። የኑግ ዘይት ብቀባው? ጋሼ አናጺው፣ ስንት ቀን ልጠብቅ?

አናጺው (ቡሬ)፦
ኑግ አትቀቢ እህቴ፤ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለረጅም ጊዜ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆይቶም ይሻግታል። በጎጃም የንብ ሰም ሞልቷል፣ እሱን ተጠቀሚ። ሰሙን በትንሽ ጣሳ አድርገሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው፤ ከ60 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ ይቀልጣል። እሳት ላይ በቀጥታ አታኑሪው፣ ይነዳልና። እንጨቱን በፀሐይ አሙቂና በጨርቅ ስስ አድርገሽ አሽው፣ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ጨርቅ እስኪያበራ ወልውዪ። ሰም የሚቀባው ከኮላ በኋላ ብቻ ነው፤ ሰም የነካው ቦታ ላይ ኮላ አይዝም።

ኮላው በበጋ 24 ሰዓት፣ በክረምት 2 ቀን ይጠበቅ። ከወር በኋላ ዳዶውን ከሥር በኩል እንደገና አጥብቂው፤ እንጨቱ ትንሽ ስለሚቀንስ ብዙ ጊዜ ሩብ ዙር ያህል ይወስዳል። ውሃ ውስጥ ነክረሽ አትጠቢው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ዳዶ (ፍኖተ ሰላም)፦
ኬክ ሳይቀመጥበት በፊት ፈትኚው፦ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን መሐሉ ላይ ለአንድ ሌሊት አቁሚ፣ ከዚያ ጀሪካኑን አንስተሽ ዳሩን በእጅሽ ጫን በዪ። ከኬኩ ጋር ስታዘዋውሪውም ከታችኛው ክብ ያዢ፤ ከላይኛው ከተያዘ የምሰሶውና የታችኛው ክብ ክብደት ዳዶው ላይ ይንጠለጠላል።