ጥቆማ፦ የቤት ኮምፒውተር ሲስተም ፋይሉ ሲበላሽ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ላይ ለማን ይሰጥ? እቤትስ ምን ይሞከር?

ጥያቄ፣ ከጫጫ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። የቤት ዴስክቶፕ ነው፤ ዊንዶውስ 10፣ 8 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከር 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። መብራት ሄደ መጣ ማለት ካበዛ ወዲህ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ስታርትን ስነካው ዝም ነው፤ አልፎ አልፎ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣና ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ያማከርኩት ሁሉ መልሱ «ፎርማት አስደርገው» ነው። የልጆች ፎቶና የሱቅ ሒሳብ ውስጡ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ምን ዓይነት ቤት ልውሰደው? እቤት የሚሞከር ነገርስ አለ? ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዘው ባትሪ) እና ኤስኤስዲም (የማይሽከረከረው ዲስክ) ብትጠቁሙኝ።

ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

ወንድሜ፣ ፎርማት የሚረዳው የተበላሸው ዊንዶውሱ ብቻ ከሆነ ነው። ሲስተም ፋይል ከመሬት ተነስቶ አይበላሽም። ወይ እየጻፈ ሳለ መብራት ሄዶበታል፣ ወይ ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ወይ ራሙ ይሳሳታል፣ ወይ ቫይረስና ክራክ (ያለ ክፍያ ፈቃድ የሚሰብር ፕሮግራም) ነካክተውታል። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ፎርማት የተደረገው ዊንዶውስም ውሎ አድሮ እንደዚሁ ይሆናል፣ ፎቶዎቹ ግን አይመለሱም።

ስለዚህ መጀመሪያ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን። ሰማያዊ ካለ ደህና ነው፣ ቢጫ ካለ ያሰጋል፣ ቀይ ካለ አበቃ። ግን ቀለሙን ብቻ አትመን፤ ከታች ዝርዝሩ ውስጥ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን መስመሮች ፈልግ። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ናቸው። ሲ5 ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁት፣ ሲ6 ደግሞ ጭራሽ ያልተነበቡት። የሦስቱም ጥሬ ቁጥር ዜሮ ቢሆን ነው የሚመረጠው። ሲ5 ከዜሮ ካለፈ ሌላ ነገር ሳትነካ ፎቶና ሒሳቡን ገልብጥ።

ሌሎቹ ዜሮ ሆነው ሲ7 ብቻ ከፍ ካለ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው። ነቅለህ አጥብቀህ ሰካው፣ ካልሆነ ቀይረው፤ ከሁሉም ርካሹ ጥገና ይሄ ነው። የሲ7 ቁጥር ኬብል ከተቀየረም በኋላ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ የምታየው መጨመሩን ማቆሙን ነው።

ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መመርመሪያ ትእዛዝ በስላሽ አር አስኪደው የሚሉህ ይመጣሉ። በጤነኛ ዲስክ ላይ ችግር የለውም። በታመመ ዲስክ ላይ፣ ፋይሉ ሳይገለበጥ ግን አይሞከርም፤ ለሰዓታት እያንዳንዷን ቦታ ሲያነብ የቀረችውን ዕድሜ ይጨርስልሃል።

ከሸዋ ሮቢት

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ እቤት የሚሠራው ይሄ ነው። ስታርት አይከፈትም ስላልክ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን፤ ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፋይል፣ ከዚያ ራን ኒው ታስክ በል፤ ሲ-ኤም-ዲ ብለህ ጻፍና ከታች ያለችው የአድሚኒስትሬተር ሳጥን ላይ ምልክት አድርግ። ሳጥኗ ከተረሳች የሚቀጥሉት ትእዛዞች እምቢ ይሉሃል።

መጀመሪያ ዲዝም ነው፤ ዲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኤም። ከሱ ቀጥሎ ኦንላይን፣ ክሊንአፕ-ኢሜጅ፣ ሪስቶርሄልዝ ይከተላሉ። ከሦስቱም በፊት አንድ ክፍት ቦታና ስላሽ አለ። በክሊንአፕና በኢሜጅ መካከል ጭረት እንጂ ክፍት ቦታ የለም፤ ሪስቶርሄልዝ ደግሞ አንድ ቃል ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚችው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ 62.3 በመቶ ላይ ደርሶ የሞተ ይመስላል፤ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ እዚያው ሊቆም ይችላል፤ አትዝጋው።

እሱ ሲያልቅ ኤስ-ኤፍ-ሲ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ስካንናው። ምንም ጉድለት አላገኘሁም ካለ ችግርህ ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ ራምና ድራይቨር ሂድ። አግኝቼ ጠግኛለሁ ካለ አጥፍተህ አስነሳና አንዴ ድገመው። አግኝቼ ግን መጠገን ያቃተኝ አለ ካለ እስከ ሦስት ጊዜ እያስነሳህ ሞክር፤ በሦስተኛው ካልተስተካከለ ድካም ነው።

ዲዝም ለምን ይቅደም? ኤስኤፍሲ ጤነኛውን ቅጂ የሚያወጣው ዊንኤስኤክስኤስ ከሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ነው። ያ ፎልደር ራሱ ከተበላሸ ከነቀዘ ጎተራ ዘር እንደማውጣት ይሆናል። ዲዝም ጎተራውን ይጠግናል፣ ኤስኤፍሲ ከጎተራው ያወጣል።

አንድ ነገር፦ ዲዝም የጎደለውን የሚያመጣው ከኢንተርኔት ነው። የስልክ ሆትስፖት ይበቃዋል፤ ግን ዊንዶውስ አፕዴት በዚያው አጋጣሚ ጥቅልህን እንዳይጨርስ ግንኙነቱን ሚተርድ (በመጠን የተገደበ) አድርገው።

ከደብረ ሲና

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚሠራው ዊንዶውሱ ሙሉ ከሆነ ነው። እዚህ አገር ብዙ ቤት የሚጫነው ግን «ላይት» የሚሉት፣ ተቆራርጦ አክቲቬት ሆኖ የሚመጣ ዊንዶውስ ነው። ቦታ እንዲቀንስ ሲባል ያ ጎተራ ተቆርጦ ይወጣል። እንዲህ ያለው ላይ ዲዝም ዜሮ-ኤክስ-800ኤፍ081ኤፍ የሚል ቁጥር ሰጥቶ ያቆማል፤ ምንጩን አላገኘሁም ማለቱ ነው። ሙሉ ዊንዶውስ ላይም ይህ ቁጥር ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ የአይኤስኦ ፋይል (ሙሉው የዊንዶውስ መጫኛ) ሰጥተኸው ከዚያ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል። እኔ ግን በዚያ መንገድ አልደክምም፤ በላዩ ላይ መጫን ይቀላል።

በላዩ ላይ መጫን ማለት ኮምፒውተሩ እንደተነሳ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሆነህ የአይኤስኦውን ፋይል ሁለቴ ጠቅ አድርገህ ሴትአፕን ማስጀመር ነው። ፋይሎቼንና ፕሮግራሞቼን አቆይ የሚለውን ትመርጣለህ፤ ሲስተም ፋይሉ በሙሉ በአዲስ ይተካል፣ ፎቶውም ፕሮግራሙም ይቀራል። ወደ 20 ጊጋ የሚሆን ባዶ ቦታ በሲ ላይ ይኑር። ያ ምርጫ ደብዝዞ አልነካ ካለህ ወይ ከፍላሽ አስነስተህ ነው የገባኸው፣ ወይ እትሙ አይገጥምም (ሆም ላይ ፕሮ)፣ ወይ ቋንቋው። ቋንቋው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፦ «ኢንግሊሽ» እና «ኢንግሊሽ ኢንተርናሽናል» ሁለት የተለያዩ ናቸው።

የአይኤስኦው ፋይል 5 ጊጋ አካባቢ ነው። በሌሊት ጥቅል አንዴ አውርደህ ፍላሽ ላይ ካስቀመጥክ ጎረቤትም ይጠቀምበታል። ማውረድ ከማይክሮሶፍት ገጽ ብቻ፤ ከቴሌግራም ቻናል የሚወርደው ያው «ላይት» ነው።

ከደብረ ብርሃን

የጥገና ቤት ጥያቄውን ማንም አልመለሰም።

ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት እየሠሩ በጎን ፎርማት የሚያደርጉ ቤቶች ፈጣን ናቸው፤ ጠዋት ሰጥተህ ከሰዓት ትወስዳለህ፣ ዋጋቸውም ቀላል ነው። ውስጡ ምንም የማይፈለግ ኮምፒውተር ከሆነ ለእነሱ ስጥ። ላንተ አይሆኑም። አብዛኛውን ጊዜ ዲስክ አይመረምሩም፣ ሲ ድራይቭ ላይ ያለው ዴስክቶፕና ዶክመንት እንደሚጠፋም ላይነግሩህ ይችላሉ። ዲ ላይ ያለው ይተርፋል ይሉሃል፤ እውነት ነው፣ ፓርቲሽኑን በስህተት ካልሰረዙት።

ሥራው ጥገና ብቻ የሆነ ቤት ይሻላል። የምታውቀው በዕቃው ነው፦ ጠረጴዛው ላይ ትርፍ ዲስክ፣ የዩኤስቢ ሳታ ማገናኛ፣ የሚሞከርበት ትርፍ ራም አለ። ምርመራና ጥገናን ለየብቻ የሚያስከፍል ከሆነ አትከፋ፤ መርምሮ «ዲስኩ አልቋል፣ ፎርማት አያስፈልግህም» ለማለት የሚደፍረው እሱ ነው። ከጫጫ ሳትነሳ በስልክ ሦስት ነገር ጠይቅ። የምትጭኑት ዊንዶውስ ሙሉው ነው ወይስ ላይት? ፋይሌን መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ትገለብጣላችሁ? የዲስኩን ጤና በስክሪን ታሳዩኛላችሁ? በሁለተኛው ላይ «አያስፈልግም፣ አይነካም» ካለህ ሌላ ቤት ደውል።

እየዞሩ እቤት የሚጠግኑ የአይቲ ተመራቂዎችም አሉ። ዴስክቶፕ ተሸክሞ ሚኒባስ ከመሳፈር ያድናል፤ ሃርድ ዲስክም መንገድ ላይ መንገጫገጭ አይወድም። ጉዳቱ ትርፍ ዕቃ ይዘው አለመምጣታቸው ነው፤ ራም ይሁን ዲስክ በግምት ነው የሚናገሩት።

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዊንዶውስ ብሎ መሄድ ኪሳራ ነው። የሚያስኬደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማና ፎቶው የግድ ከተፈለገ። ያኔም ደግመህ አታስነሳው።

የትም ስጠው፣ ከመስጠትህ በፊት የዲስኩንና የራሙን ተለጣፊ ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሳ። ሰው ለመጠርጠር አይደለም፤ ስትረከብ ለመተያያ ነው።

ከመሐል ሜዳ

ኤስኤስዲን በተመለከተ፣ መንዝ ላይ ላለን ሰዎች ከፍጥነት ሌላ ምክንያት አለው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ማንበቢያው በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሠራው፤ አብዛኞቹ አምራቾች የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። መሐል ሜዳና ጓሳ ከ3,000 በላይ ናቸው፤ ጠርዙ ላይ ነን። ደብረ ብርሃንና ጫጫ ከዚያ በታች ስለሆናችሁ ሥጋቱ ያንሳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ግን የጋራችን ነው፤ ብዙ ሃርድ ዲስክ ከ5 ዲግሪ በታች እንዲሠራ አልተነደፈም። ጠዋት ክፍሉ ሳይሞቅ አታስነሱት። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም።

240 ወይም 256 ጊጋ፣ ሁለት ነጥብ አምስት ኢንች ሳታ ለዚያ ዴስክቶፕ በቂ ነው። ኬብሉን ለብቻ መግዛት እንዳትረሳ። ስሙ በማይታወቅ ርካሽ ዕቃ ላይ የተጻፈውን መጠን አትመን፤ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ እንዲያነብ አድርግ። 256 ተብሎ 32 የሚሆን ዕቃ በዚህ ይጋለጣል። ፍላሽም እንዲሁ ነው። ሻጩ ካልሠራ መልስ ብሎ በጽሑፍ ካልሰጠህ አትግዛ።

ከሸዋ ሮቢት

ዩፒኤስ ላይ፦ ለአንድ ዴስክቶፕና ስክሪን 650 ቪኤ ይበቃል፤ ለደቂቃዎች ነው፣ ሥራህን አስቀምጠህ ለማጥፋት። ፊልም ለማየት አይደለም። ፕሪንተር አትሰካበት፤ የሌዘር ፕሪንተር በአንዴ የሚስበው ይጥለዋል። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ምንም አይዝም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው የሚሸጡ አሉ።

ስትገዛ ባትሪው ብቻውን ይቀየር እንደሆነ ጠይቅ። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ አካባቢ ያጥራል፤ እኛ ጋ ቆላው ቶሎ ይበላዋል፣ እናንተ ደጋዎቹ ጋ ይበረክታል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለውም ሰው እንደ ዴስክቶፕ ይቁጠረው፤ አፕዴት መሀል መብራት ሲሄድ እኩል ይበላሻል።

ከዓለም ከተማ

ዊንዶውስ 10 ላይ ይህን ሁሉ ከመድከማችሁ በፊት፦ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕም ካለው፣ በላዩ ላይ ሲጫን በቀጥታ 11 ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በታች ከሆነ 10ን ጠግኖ መቆየት ነው፤ ክራክ አታስገቡበት እንጂ። ብዙዎቹ አክቲቬተሮች ዲፌንደርን አጥፉ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጠያቂው፣ ከጫጫ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክሪስታል ዲስኩን ጫንኩት። ቢጫ ነው። 05 ዜሮ፣ ሲ6 ዜሮ፣ ሲ5 ግን ከዜሮዎቹ መጨረሻ 18 ይላል። ዲዝሙን ላስኪደው?

ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

አታስኪደው። ጥሬ ቁጥሩ በሄክስ (በ10 ሳይሆን በ16 በሚቆጠር አጻጻፍ) ስለሆነ የተጻፈው፣ 18 ማለት 24 ቦታ ነው። ዲዝምም ኤስኤፍሲም ብዙ ስለሚያነቡና ስለሚጽፉ አሁን ጠላትህ ናቸው።

የውጭ ዲስክ ሰክተህ መጀመሪያ ሒሳቡን ገልብጥ፣ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ቀጥሎ ፎቶውን። በማውስ እየጎተትክ አታድርገው፤ አንድ የታመመ ፋይል ላይ ሲደርስ ሁሉም ይቆማል። ሮቦኮፒ የሚባለው ትእዛዝ ይሻላል፣ ግን ሁለት ነገር ጨምርበት፦ ስላሽ ኢ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች በሙሉ እንዲወስድ፤ ስላሽ አር ሁለት ነጥብ 1 እና ስላሽ ደብልዩ ሁለት ነጥብ 1 ደግሞ ያቃተውን አንዴ ብቻ፣ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ሞክሮ እንዲያልፍ። እነዚህን ካልጻፍክለት በራሱ ልማድ ለአንድ ፋይል 1 ሚሊዮን ጊዜ፣ በየ30 ሴኮንዱ ይሞክራል። ዲስክህ ያን አይችልም።

ገልብጠህ ስትጨርስ አጥፋው። ኤስኤስዲውን ስትገዛ አሮጌውን ነቅለህ ብቻውን ሙሉ ዊንዶውስ ጫንበት፤ አብረው ተሰክተው ሲጫን ማስነሻው ፋይል አንዳንዴ አሮጌው ዲስክ ላይ ይጻፍና በነቀልከው ቀን አልነሳም ይላል።