«አንስቶ ማድረስ ነው» ላልከው

የሳሪሱ፦ ትናንት እዚሁ «የአምቡላንስ ሠራተኛ ሥራው አንስቶ ማድረስ ነው፣ ማሰቡን ለሐኪም ይተው» ያልከው አንጀቴን አሳርሮታል። ወንድሜ ስኳር አለበት። ዓምና መንገድ ላይ ወደቀ። ይንተባተባል፣ ያልበዋል፣ ሊያነሱት የመጡትን ይሳደባል። የአምቡላንሱ ልጆች «ሰክሯል» አሉ፣ ሆስፒታልም «ሰክሯል» ብለው አስረከቡት። ቆይቶ ስኳሩ ሲለካ 34! መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። አንዳቸው «ሌላ ነገር ቢሆንስ?» ቢሉ ምን ነበረበት?

ሹፌሩ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አላጥፈውም። 907 ወይም 939 ደውለህ የመጣልህ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ይፈላሰፍልህ? ሕመምተኛው ቶሎ ይድረስ ነው ያልኩት።

ሲስተር፦ ስኳር መለካት ፍልስፍና ነው እንዴ? ጣት ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም፣ ደቂቃ አይፈጅም። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። «ሰክሯል» አንዴ ከተባለ ደግሞ ከኋላ ያለነው ሁሉ እሱኑ ይዘን እንቀጥላለን። እኔም ተረኛ ሆኜ እንደዚያ ተቀብያለሁ፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ሹፌሩ፦ በምን ይለካ እህቴ? ስትሪፕ፣ ያቺ ደሙ የሚነካባት የስኳር መለኪያ ወረቀት፣ ያለቀበት መኪና ይዘን ወጥተናል እኮ። ገጠር ደግሞ ሹፌሩ ብቻውን ምጥ የያዛትን እናት ጭኖ ይበራል። መጀመሪያ ዕቃና ሰው ሙሉልን።

ሲስተር፦ በዕቃው ካንተ ጋር ነኝ። ግን ያቺን እናት በጀርባዋ አስተኝተህ ስትነዳ ማህፀኗ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፣ ግፊቷ ይወርዳል። በግራ ጎኗ ማስተኛት ምን ዕቃ ይጠይቃል?

የድሬው፦ እኛ ሰፈር ስኳር ያለበት ሰው ራሱን ሲስት ለስላሳ አፉ ውስጥ ያፈሱለታል።

ሲስተር፦ ኧረ በፈጠራችሁ! መዋጥ ካልቻለ ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። በጎኑ አስተኙት፣ ስኳሩን ባለሙያ በደም ሥር ይሰጠዋል።

የቦሌዋ፦ ሳይረን እየሰማ መንገድ የማይለቀው ሕዝብስ? እሱንም ተናገሩ።

የሳሪሱ፦ እሱ ሌላ ቀን። እኔ ሥልጠናው ነው የሚቆጨኝ። ልጆቹ ቅደም ተከተል ሸምድደው ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ አሥር ደቂቃ ተቀምጠው «ምን አየን? ምን ዘለልን?» ቢባባሉ ይለምዱት ነበር።

ሹፌሩ፦ አሥር ደቂቃ ከየት መጥቶ! አንዱን ሳናወርድ ሌላው ይደውላል። ፕሮቶኮል አለ፣ እሱን ይከተሉ።

ሲስተር፦ ፕሮቶኮሉ እኮ ነው የተወናበደ ሰው ስኳሩ ይለካ የሚለው! «ሰክሯል» ያለው ነው የዘለለው።

ሹፌሩ፦ ስትሪፑን ማን ይሙላ? እሱን መልሱልኝ።

የሳሪሱ፦ አንተም የኔን መልስልኝ። ወንድሜንም እኮ አንስተው አድርሰውታል።