የቢሮ ፓስወርድ ማስቀመጫ፦ ከፍለን እንግዛ ወይስ ራሳችን እንጫን?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ናችሁ? ፒያሳ አካባቢ አራት ሆነን የሒሳብ ሥራ እንሠራለን። የደንበኞች ፓስወርድ ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ ቴሌግራም ላይ ነው። አንዱ ወዳጃችን ዋንፓስወርድ የሚባለውን የሚከፈልበት የፓስወርድ ማስቀመጫ ግዙ አለን። ሌላው ደግሞ ቮልትዋርደን የሚባለውን፣ ራስ የሚጭኑትን የፓስወርድ ሰርቨር ቢሮ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጫኑት፣ ነጻ ነው ይላል። የዶላር ካርድ የለንም። መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ምን ትመክሩናላችሁ?

ቦርከና፦ አብሽሪ እህቴ፣ መብራት ስለሄደ ብቻ ሥራ አይቆምም። ከቮልትዋርደን ጋር የምትጠቀሙት ቢትዋርደን የሚባለውን የሌላ ፓስወርድ ማስቀመጫ አፕ ነው። አፑ የፓስወርዶቹን የተመሰጠረ ቅጂ ስልክሽ ላይ ይይዛል። ሰርቨሩ፣ ማለት ዴስክቶፑ፣ ቢጠፋም የነበረውን ታያለሽ፤ ብቻ ሎግአውት እንዳታደርጊ። አዲስ ለመመዝገብ ግን ሰርቨሩ መነሳት አለበት። የሚከብደው ሌላው ነው። ኤችቲቲፒኤስ (ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን) ማስተካከል አለ፣ አፕዴት አለ፣ ከቢሮ ውጭ የሚቀመጥ ባክአፕ አለ። ሃርድዲስኩ ቢሞት ማን ያነሳዋል? ከአራታችሁ አንድ እንኳ "እኔ" የሚል ከሌለ አትጀምሩት።

ጦሳ፦ ኦፕን ሶርስ፣ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ፈለግሽ ማለት የግድ ራስሽ ትጭኛለሽ ማለት አይደለም። ቢትዋርደን ራሱ ኦፕን ሶርስ ነው። በእነሱ ሰርቨር ላይ በነጻ አካውንት ያልተገደበ ፓስወርድ ታስቀምጫለሽ። በነጻ መጋራት የሚቻለው ግን ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ለአራት ይከፈላል።

ጠያቂ፦ ውጭ አገር መቀመጡ አያሰጋም?

ጦሳ፦ ያሰጋል እንጂ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ላስትፓስ ከሚባለው የፓስወርድ ማስቀመጫ ድርጅት የደንበኞች የተመሰጠረ የፓስወርድ ቋት ተሰርቋል። ዋና ፓስወርዱ (ቋቱን የሚከፍተው) ደካማ የሆነ ሰው ነው ይበልጥ የተጋለጠው። ግን ያን ዴስክቶፕ ሌባ ተሸክሞት ቢሄድስ?

የሐይቅ ልጅ፦ ኧረ ለአራት ሰው ሰርቨር ምን ያደርጋል! ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ኪፓስኤክስሲ የሚባል ፕሮግራም ይበቃል። አካውንት የለው፣ ክፍያ የለው፤ አንድ የተመሰጠረ ፋይል ነው። አንድሮይድ ላይ ኪፓስዲኤክስ በሚባል አፕ ይከፈታል። ሁሉም በየቅጂው ካረመ ግን ይደበላለቃል። አንድ ሰው ብቻ ያርም፣ ሌሎቹ አዲሱን ቅጂ ከእሱ ይውሰዱ።

ጠያቂ፦ እሱ ለእኛ ይሆናል፤ የማርመውም እኔ ነኝ። ዋናው ፓስወርድ ቢረሳስ?

ቦርከና፦ መልሶ የሚሰጥሽ የለም፤ ፋይሉ ተዘግቶ ይቀራል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጋችሁ ካዝና ውስጥ አኑሩት። ቴሌግራም ላይ ያሉትን ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አንድ በአንድ ቀይሯቸው። ከኢሜይሎቹ ጀምሩ፣ የሌላው ሁሉ መክፈቻ እነሱ ናቸው።